የአያ ጀምበሬን ድምፅ ፍለጋ፦ ከድሬዳዋ እስከ ይፋግ

ከባሕር ዳር ስመለስ የሰፈሬ ሰው ሁሉ የጠየቀኝ ስለ ዓሣ ነው። «በላሽ? ጣፈጠሽ? ለእኛስ?» በልቻለሁ፣ ጣፍጦኛል፣ ለእናንተ ግን አላመጣሁም፤ ዓሣ በሻንጣ ይዞ ድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ መውረድ ምን እንደሚያስከትል ለድሬ ሰው አይነገርም። ያመጣሁት ወሬ ነው። እሱንም በየደጁ እየቆምኩ ስደጋግም ጉሮሮዬ ስለዛለ፣ ጣናን ላላዩና ምናልባትም ለማያዩ የከዚራና የሳቢያን ሰፈር ወዳጆቼ ይሁን ብዬ ጻፍኩት።

ሥራዬን ለማያውቅ፣ እኔ ሶፊያ ድሬዳዋ ውስጥ የአንድ ቤተ መጻሕፍት የወጣቶች ክፍል ኃላፊ ነኝ። ልጆቹ መጽሐፍ ከመግለጥ ስልክ መጎርጎር እንደሚወዱ ሳይ፣ ስልኩን ከመቀማት መጽሐፉን ስልኩ ውስጥ ማስገባት ይቀላል ብዬ «የጆሮ መደርደሪያ» ያልነውን ሥራ ጀመርን። ልጆቹ ራሳቸው ተረቱንም የትምህርት መጽሐፉንም እያነበቡ ይቀዱታል፤ ሌሎች ልጆች በጆሮ ማዳመጫ ይሰሙታል። ይህን የሰማች እናትነሽ የምትባል የባሕር ዳር ባልደረባዬ ደወለችልኝ። አዲስ የወጣቶች ክፍል ቅዳሜ ሊከፍቱ ነው፤ ቀደም ብዬ ሄጄ ልጆቹን እንዳሠለጥን ፈለገች። «እርስዎ ቢመጡልን» ስትለኝ መስመሩ ላይ ሌላ ሰው የገባ መሰለኝ። እኛ ጋ «እርስዎ» የሚለኝ የፍርድ ቤት መጥሪያ ብቻ ነው።

ረቡዕ

የመጀመሪያው ችግር የገጠመኝ ከድሬዳዋ ሳልወጣ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ነው። የምቀዳበት ማይክሮፎን የንፋስ ድምፅ እንዳይገባበት ግራጫ ጸጉራም ልብስ ይለብሳል። ፈታሿ ሻንጣዬን ከፍታ አየችውና ወደ ኋላ አለች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ማይክሮፎን ነው።»

«ጸጉር አለው እኮ!»

«ለንፋስ ነው።»

ባልደረባዋን ጠራች፤ ባልደረባዋ ሌላ ጠራች። ሦስተኛዋ ቀስ ብላ ዳበሰችውና «ሲያምር! አቦ አሳልፏት» አለች። አውሮፕላን ቀይሬ ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር ደረስኩ።

ባሕር ዳር ሞቃት ናት ብለው የነገሩኝን ሰዎች ስም ይዣለሁ። እነሱን አምኜ የያዝኩት ድሪያ የምንለውን ስስ ቀሚሳችንን ብቻ ነው። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ድሪያዬን አልፎ አጥንቴን ጠየቀ። የሚገርመው፣ የማገኘው ሰው ሁሉ ስለ ሙቀቱ ይቅርታ ይጠይቀኛል። ባጃጅ ነጂው «ሙቀቱ አስቸገረዎት?» አለኝ፤ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ «ምንም አይል» አልኩት። ባጃጁ ያው እንደ እኛው ባጃጅ ነው፤ ነጂው ግን «የት ላድርስዎት?» ይላል። እኛ ጋ «ነይ ግቢ» ካለሽ ጨዋ ልጅ ነው።

እናትነሽ ግሽ አባይ ክፍለ ከተማ ነው የምትኖረው። ሆቴል እይዛለሁ ብላት እንደ ስድብ ቆጠረችው። ባሏ ፋብሪካ የሌሊት ተረኛ ስለነበር የራሳቸውን አልጋ ለእኔ አንጥፋ፣ እሷ ሳሎን ሶፋ ላይ ተኛች። ከዚያ በፊት ግን እራት ነበር። እኛ ጋ «ብላ» የሚባለው አንድ ጊዜ ነው፤ ካልበላህ ሌላው ይበላልሃል። እዚህ «በቃኝ» የሚለው ቃል የሚሰማው ሰው የለውም። የተጠበሰውን ቆሮሶ ዓሣ ጨርሼ እጄን ስሰበስብ «በሞቴ» አለች፤ በላሁ። «የናቴን አጥንት» አለች፤ በላሁ። ሦስተኛው ላይ የቀረ ዘመድ እንዳለ ሳልጠይቅ አፌን ከፈትኩ።

«አቦ እናትነሽ፣ በዚህ ሁሉ ጉርሻ መሃል እርስዎ አትበይኝ፤ አንቺ በይኝ» አልኳት።

«እንዴት ተደርጎ! እንግዳ አይደሉ?»

«እለምንሻለሁ።»

ብዙ አሰበችና፣ «እሺ እንግዲህ» አለች፣ «አንቺ ይብሉ።»

ሐሙስ

ቤተ መጻሕፍቱ ዘንባባ ከተሰለፈበት መንገድ ገባ ብሎ ነው። አዲሱ ክፍል ገና ቀለም ይሸታል። ታብሌቶቹ ተሰክተዋል፣ የጆሮ ማዳመጫዎቹ በየመንጠቆው ተሰቅለዋል፣ ግድግዳው ላይ ልጆቹ ትልቅ ሰማያዊ ጆሮ ስለዋል። የሚደመጥ ነገር ግን አንድም የለም።

የንባብ ክበቡን የሚመሩት ሁለት ልጆች ናቸው። ሐያት የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ዘመዶቿ ወረታ ናቸው፤ ፈጥና ታስባለች፣ ከዚያም ፈጥና ትናገራለች። ናታን አዲስ አበባ ተወልዶ፣ ወላጆቹ ኮሌጅ ለማስተማር ሲመጡ አብሮ የመጣ ነው፤ እስካሁን «ሼም ነው» እና «ፋራ» ከሚሉት ቃላት አልወጣም። ሁለቱ በአንድ ነገር ብቻ ይስማማሉ፣ የሌላኛቸው ንባብ መጥፎ እንደሆነ። እውነታቸውን ነው። ማይክሮፎኑ ፊት ሲቀመጡ ሁለቱም የዜና አንባቢ ይሆናሉ። ናታን የጥንቸልን ተረት ሲያነብ ጥንቸሏ ስብሰባ የከፈተች ነበር የሚመስለው።

የውጭ ድምፅ እንዳይገባ ብርድ ልብስ ተከናንበን እንድንቀዳ አሳየኋቸው። ድሬ ይህን ስናደርግ ተረቱ ሳያልቅ ልጁ ይበስላል። እዚህ ግን እኔ ራሴ ብርድ ልብሱ ውስጥ መሞቅ ስለጀመርኩ፣ «አንድ ጊዜ ደግሞ እንሞክር» እያልኩ ሥልጠናውን አራዘምኩት።

ሻይ ሰዓት ላይ እናትነሽ ወደ መስኮቱ ወሰደችኝ።

«አንድ ያልነገርሁሽ ነገር አለ» አለች። ስትጨነቅ አንቺ እንደምትል ያን ጊዜ አወቅሁ። «የጥሪ ወረቀቱ ላይ በመጀመሪያ የሚደመጠው የአያ ጀምበሬ ተረት ነው ብዬ ጽፌያለሁ።»

«ጥሩ ነዋ። የት አለ ቅጂው?»

«የለም።»

አያ ጀምበሬ ይፋግ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። በዚያ አካባቢ ሠርግም ሆነ ለቅሶ እሳቸው ሳያወጉ አይበተንም ይባላል። ልጆቹ ባለፈው ስልክ ይዘው ሄደው ነበር፤ «ሥጋ ለሌለው ጆሮ አላወራም» ብለው መልሰዋቸዋል። እናትነሽ እሺ ማለታቸው አይቀርም ብላ ጥሪውን በተነችው። ወላጆች፣ መምህራን፣ የቢሮ ኃላፊዎች፣ ሁሉም ቅዳሜ ሊሰሙ ይመጣሉ።

«ነገ እንሄዳለን» አልኳት።

«አንቺ ታሳምኚያቸዋለሽ?»

«ከሽማግሌ ጋር ችግር የለብኝም» አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

ዓርብ

በኮንትራት ሚኒባስ በጠዋት ተነሳን፤ እናትነሽ፣ ሐያት፣ ናታን፣ ሹፌሩና እኔ። አባይን በድልድይ ስንሻገር ተነስቼ አየሁት። ዝናብ ካልጣለ አሸዋ ብቻ የሆነውን የእኛን ደቻቱ ወንዝ የሚያውቅ ሰው፣ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ውሃ ይዞ ሲገኝ ማየቱ ብቻ ይበቃዋል።

ወረታ ላይ የሐያት አክስት ሱቅ «ለአምስት ደቂቃ» ቆምን። አክስቷ ጨርቃቸውን ገለል አድርገው ባንኮኒው ላይ ቁርስ ደረደሩ። ሩዝ አለ ሲሉኝ ልቤ ዘለለ፤ ሥጋው ላዩ ላይ የተከመረ፣ ሙዝ ጎኑ የተቀመጠ የእኛን ሩዝ አሰብኩ። የቀረበው እንጀራ ነበር። «ሩዙስ?» አልኩ። «እሱ ነው» አሉኝ እንጀራውን እያሳዩ። ዳቦም ቀረበ፤ እሱም ሩዝ ነው። በፎገራ ሜዳ ሩዝ የማይሆነው ነገር ጫማ ብቻ ይመስለኛል። አክስቷ ድሪያዬን በአዘኔታ አይተው ከመደርደሪያው ወፍራም ፎጣ አወረዱና ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉት። ልክፈል ስላቸው ሐያትን፣ «ይቺ ሰው ብርዱ አእምሮዋ ገብቷል፤ ቶሎ አድርሻት» አሏት።

በቢጫ ሩዝ ማሳ መሃል አልፈን ረፋድ ላይ ይፋግ ገባን። አያ ጀምበሬ ደጃፋቸው ላይ በርጩማ ይዘው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ናታን የማይክሮፎኑን ማቆሚያ ተሸክሞ ተከተለኝ። እኔ እጄን ዘርግቼ፣ ፈገግ ብዬ፣ ለማንኛውም የድሬ ሽማግሌ እንደማደርገው፣

«አያ፣ እንዴት ነህ? ደህና ነህ?» አልኩ።

ናታን ማቆሚያውን ጣለው። እናትነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አያ ጀምበሬ ቀስ ብለው ዞረው ከኋላቸው ማን እንዳለ አዩ። ማንም አልነበረም፤ አንዲት ዶሮ ብቻ።

«ዶሮዋን ነው?» አሉ።

«አያ፣ ይቅርታ ያድርጉላት» አለች እናትነሽ፣ «ከሩቅ አገር ናት፤ ከድሬዳዋ።»

«እርስዎ» አሉኝ፤ ቃሏን ረገጥ አድርገው፤ «እርስዎ፣ የኔ እመቤት፣ ከድሬዳዋ የመጡት፣ አገርዎ ሽማግሌ የለም?»

«አለ።»

«ምን ይሉታል?»

«አንተ» አልኩ፤ ከዚህ በኋላ መዋሸት ምን ያደርጋል። «እሱም እኛን አንቺ ይለናል። ፍቅር ነው እኛ ጋ።»

«እንግዲያ ለታላቅ ክብር የላችሁም።»

መመለስ አልነበረብኝም። ግን የድሬ ልጅ ነኝ፤ አፌ ቀደመኝ።

«እናንተስ እግዜርን ምን ትሉታላችሁ?»

«ምን እንላለን?»

«ስትጸልዩ። አንተ ነው የምትሉት ወይስ እርስዎ?»

ዶሮዋም የቆመች መሰለኝ። የአያ ጀምበሬ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ጸሎታቸውን በልባቸው ከመጀመሪያው እየጀመሩ እየመረመሩት ነበር። ከዚያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሳቃቸው ከጋቢው ውስጥ ወጣ።

«አይ ይቺ! አይ ይቺ ነገረኛ! ዛሬስ ከእግዜር ጋር በአንድ ቃል ተጠራሁ፤ ከዚህ በላይ ሹመት ከየት አመጣለሁ? ነይ ተቀመጭ አንቺ።»

ተቀመጥኩ።

ማይክሮፎኑን ሲያዩ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ሆነ። «ይህስ ድመት ነው?» አሉ። ማይክሮፎን መሆኑን ነገርናቸው። ዳበሱት፤ ደጋግመው ዳበሱት። «ሥጋ ባይኖረውም ጸጉር አለው። ይሁን» አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ተረቱ የአንድ ገበሬ ነው። ጉማሬ ከሐይቁ ወጥቶ ማሳውን ይበላበታል፤ ገበሬው ይከሰዋል። ጉማሬው አምባዛ የተባለውን ዓሣ ጠበቃ ያቆማል። ዳኛው ኤሊ ስለሆኑ ችሎቱ እስኪሰየም አንድ ክረምት ያልፋል። አያ ጀምበሬ ሲያወጉ አምባዛውን በአፍንጫቸው፣ ኤሊውን በረጅሙ ዝምታቸው ያመጡታል። ናታን እንኳ ስልኩን ረሳው። ሲጨርሱ ሐያት እያጨበጨበች ዘለለች። አለቀ፣ ቅዳሜ ዳነች አልኩ።

«እስቲ አሰሙኝ» አሉ።

በምንቀዳበት ታብሌት አሰማናቸው። ስህተታችን ይህ ነበር።

ገና መጀመሪያው ላይ ፊታቸው ተኮሳተረ። «ይህ ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎት፣ አያ» አለች ሐያት።

«እኔ? ይህ አያሌው ነው። የሟች ወንድሜ ድምፅ ነው ይህ። እሱ ደግሞ ተረት አያውቅም።» ጥቂት ሰሙ። «ይኸው! ሩዝ በላ አለ! እንስሳ ይናገር በነበረ ጊዜ ሩዝ የት ነበረና? ሩዝ ትናንት የመጣ ነው! ዘንጋዳ ነው የበላው፣ ዘንጋዳ! አንተ ሰውዬ፣ የማታውቀውን አታውራ!»

ታብሌቱ ግን አልታረመም፤ ማውራቱን ቀጠለ። አያ ጀምበሬ ጣታቸውን ቀስረው ከዓረፍተ ነገር ዓረፍተ ነገር እየተከተሉ ከራሳቸው ጋር ተከራከሩ። ገበሬው አጭር ነው ሲል፣ «ረጅም ነው!» አሉ። ጉማሬው አለቀሰ ሲል፣ «ጉማሬ አያለቅስም፤ አንተ ነህ እንጂ አልቃሻ!» አሉ። በስተመጨረሻ፣ «እንደገና ልናገረው» ብለው ሩዙን ዘንጋዳ በሚባለው ማሽላ ተክተው ተናገሩት። ያንንም ሰሙት፤ ይህኛው ደግሞ ኤሊውን አስቸኩሏቸዋል። የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ ከፊሉ ለመጀመሪያው፣ ከፊሉ ለሁለተኛው ፈረደ። ሦስተኛውን ሲጀምሩ የመቅጃው ባትሪ አለቀ። ቻርጀሩ ባሕር ዳር፣ እናትነሽ አልጋ ራስጌ ነበር። እኔ ነበርኩ የረሳሁት።

«ሁለቱም ውሸት ነው» አሉ አያ ጀምበሬ ስንሰናበታቸው። «አጥፉልኝ፤ የልጅ ጆሮ አይስማው።»

ሚኒባሱ ውስጥ እናትነሽ መስኮቱን ተደግፋ፣ «ቅዳሜ ምን ልላቸው ነው?» ትላለች። ወረታን እንዳለፍን ሐያት ከኋላ ወንበር ተናገረች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብላ።

«የእኔ ስልክ እየቀዳ ነበር። ባትሪው ቢያልቅ ለመጠባበቂያ ብዬ ነው። ሁሉም አለ፤ ጭቅጭቁም ጭምር።»

ከፈተችው። መጀመሪያ ታብሌቱ ውስጥ ያሉት አያ ጀምበሬ በጨዋ ደንብ ይጀምራሉ፤ ወዲያው ሌላው አያ ጀምበሬ «ይህ ማን ነው?» ብለው ይገባሉ። ሁለት ሽማግሎች በአንድ ጉማሬ ይጣላሉ። «አንተ ነህ እንጂ አልቃሻ» ላይ ስንደርስ ሹፌሩ መሪውን መያዝ አቅቶት ዳር ይዞ ቆመ። ናታን መሬት ላይ ተቀምጦ ሆዱን ይዟል። እናትነሽ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች፣ «ይህ ነው! ይህ ነው የሚደመጠው!» አለች፤ ከዚያ ሳቋ ተቋረጠ። «አጥፉ ብለዋል እኮ።»

«እሺ ካላሉ አናሰማም» አልኩ። ይህ የእኛ መደርደሪያ የመጀመሪያ ደንብ ነው፤ ባለ ድምፁ ሳይፈቅድ ትንፋሹም አይሰማም። እናትነሽ ደወለችላቸውና ሐያት ሳታስፈቅድ መቅዳቷን ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ከስልኩ ወዲያ ረጅም ዝምታ ሆነ፤ የኤሊው ዓይነት።

«በስልክ አልፈርድም» አሉ። «ነገ መጥቼ እሰማለሁ። እስከዚያ እንዳትነኩት።»

ቅዳሜ

ክፍሉ ሞልቶ ሰው ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ኃላፊዎቹ ተናገሩ፤ ሲያልቅባቸው ሌላ ኃላፊ ተናገረ። እናትነሽ በየደቂቃው በሩን ታያለች። ሦስተኛው ንግግር ሊያልቅ ሲል አያ ጀምበሬ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ገቡ። ከኋላቸው የመጡበት ሚኒባስ ረዳት አንድ ከረጢት ሩዝ ተሸክሟል፤ ለእናትነሽ ስጦታ ነው። ሰው ሁሉ ተነሳ። እኔም ተነሳሁ፤ የምለውን ቃል እየመረጥኩ ሳለ እሳቸው ቀደሙኝ፣ «አንቺ ነገረኛ፣ እንዴት አደርሽ?»

ሐያት ወንበር ሳበችላቸው፤ ማዳመጫውን በጋቢያቸው ላይ እንዳለ ጆሯቸው ላይ ደፋችላቸው። ከፈተችው።

እኛ ምንም አንሰማም። የምናየው ፊታቸውን ብቻ ነው፤ ፊታቸውም እንደተዘጋ በር ነው። ትንሽ ቆይተው ማንም ሳይናገር እጃቸውን አንስተው «ዝም በሉ!» አሉ። ከዚያ ማዳመጫ ያደረገ ሰው እንደሚጮኸው ጮኹ፣ «ዘንጋዳ ነው አልሁህ!» ልጆቹ ፈነዱ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ጭራሽ አንገታቸውን ደፉ፤ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። ሐያት ተቀይመዋል ብላ አሰበች መሰለኝ፣ እጄን ጨምቃ ያዘችው።

ማዳመጫውን አወረዱት።

«አያ፣ እናጥፋው?» አለች እናትነሽ።

«ምኑን?»

«ቅጂውን። ካልወደዱት።»

«አያሌው ነው እኮ» አሉ፤ ለእሷም ለማንም ሳይሆን። «እሱ ያወራል፣ እኔ አርመዋለሁ። ከልጅነታችን እስኪሞት ድረስ እንዲሁ ነበር የኖርነው። ከሞተ ወዲህ የማርመው ሰው አጥቼ ነበር።» በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና ቀና አሉ። «ደግሞ ሁለት ሽማግሎች ሲጨዋወቱ መሃል ገብቶ አጥፉ የሚል ማን ባለጌ ነው?»

«እርስዎ ነዎት» አለ ናታን።

«ተሳስቻለሁ» አሉና ማዳመጫውን መልሰው ደፉት።

እናትነሽ ለተሰበሰበው ሰው ፕሮግራሙ መጀመሩን አበሰረች። ልጆቹ በሌሎቹ ታብሌቶች እየሰሙ ይንፈራፈራሉ፤ ከአንዱ ጥግ ሳቅ ይነሳል፣ ቆይቶ ከሌላው ጥግ ይመልሳል። የቢሮ ኃላፊዎቹም ተራ ያዙ። የአውሮፕላኔ ሰዓት ደርሶ ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ ግን ትልቁ ሰማያዊ ጆሮ ሥር ያለው ወንበር እንደተያዘ ነበር፤ ከፊቱ የተሰለፉት ልጆች ኮሪደሩን አልፈው ደጅ ወጥተዋል። ሐያት ጠጋ ብላ ትከሻቸውን ነካ አደረገቻቸው።

«አያ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።»

ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ይጠብቅ» አሉ፣ «ገና ኤሊው አልተሰየሙም።»